ሁለቱ ገንዳዎች

(ደብረ ብርሃን ላይ ለከተማና ለወረዳ ሠራተኞች፣ ለዕድር ሰዎችና ለጥቂት ነጋዴዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አስተካክዬዋለሁ። ድግግሞሹን ቀንሻለሁ። የአዳራሹን ብርድ ግን መቀነስ አልቻልኩም።)

እንደምን ዋላችሁ።

ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁ ብልሆች ናችሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ አዳራሽ ስትሠራ ግን ሐዋሳ ያለች ይመስላታል።

የተሰጠኝ ርዕስ ረጅም ነው። የአካባቢ መስተዳድሮች ዑደታዊ ኢኮኖሚን እንዴት ያቅዱት፣ እንዴትስ ይደግፉት የሚል። ሰርኩላር ኢኮኖሚ የሚሉት ማለት ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ዕቃ ተገዝቶ፣ ትንሽ አገልግሎ፣ ተጥሎ እንዳይቀር ማድረግ ነው። መጀመሪያ እንዲቆይ። ሲበላሽ እንዲጠገን። ካልተጠገነ ለሌላ ሥራ እንዲውል። ከአፈር የወጣው ደግሞ ወደ አፈር እንዲመለስ። ትርጉሙን እዚህ ላይ ዘጋሁ። አሁን ስለ አረቄ ላውራ።

ሳቃችሁ። የምሬን ነው።

ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን አረቄ የሚያወጡ እናት ነበሩ። እትዬ ነበር የምንላቸው። ጓሯቸው ውስጥ ድፍድፍ የያዙ እንስራዎች ተደርድረው ይውላሉ። ማሰሮው ሥር ኩበት ይነዳል። አረቄው በመቃው ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ወርዶ ሲያልቅ ማሰሮው ውስጥ የሚቀረው አተላ ነው። አተላው አይደፋም። አጥሩ ጥግ ከግንድ የተፈለፈለ ገንዳ ነበራቸው፣ እዚያ ይገለበጣል። ገንዳው አጠገብ ሁልጊዜ አንድ በሬ ታስሮ ይደልባል። ፋሲካ ሲደርስ በሬው ይሸጣል። በገንዘቡ ከሲታ በሬና እህል ይገዛል። እበቱን የምንጠፈጥፈው እኔና ልጃቸው ነበርን። እጃችን እስከ ክንዳችን አረንጓዴ ሆኖ ይውል ነበር። ደርቆ ሲነሣ ኩበቱ ተመልሶ ማሰሮው ሥር ይገባል።

እህሉ አረቄ ሆነ። አተላው በሬ አደለበ። እበቱ እሳት ሆነ። እሳቱ ደግሞ አረቄ አወጣ። እትዬ «ዑደታዊ» የሚለውን ቃል ሰምተው አያውቁም። ቢሰሙም «ምን ይላል ይኼ ልጅ!» ነበር የሚሉኝ።

አሁን «ገንዳ» ስላችሁ ምን ታያችሁ? በሬ የምታዩ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። ሁለት ሰው። ሌሎቻችሁ ያያችሁት መንገድ ዳር የቆመውን፣ ውሻ የሚዞረውን፣ አፍንጫ ተይዞ የሚታለፈውን የብረት ሣጥን ነው። ቃሉ አንድ ነው። የመጀመሪያው ገንዳ የተረፈው ነገር የሚበላበት ነው። ሁለተኛው የተረፈው ነገር የሚበሰብስበት ነው። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የተሻገርነው መቼ እንደሆነ እንኳን አላስተዋልንም።

እትዬን ግን አላሞካሻቸውም። የእሳቸውም ዙር አንድ ቦታ ላይ ያፈስ ነበር። እህሉ የመጣው ከባሶ ገበሬ ማሳ ነው። ወደዚያ ማሳ ምን ተመለሰ? ምንም። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። አፈሩን የሚያለሰልሰው ብስባሽም አብሮ ይቃጠላል። አመዱ ውስጥ ፎስፈረስና ፖታሽየም ይቀራሉ። እሱንም መንገድ ዳር እንደፋዋለን። ከዚያ ገበሬው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ የሚገባ ማዳበሪያ ለመግዛት ሰልፍ ይይዛል። ከብቱ ደጁ ላይ ቆሞ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ አይደል?

ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ኩበት አታንድዱ» ቢል ማን ይሰማዋል? በዚህ ውርጭ ምን ይንደድ? ኩበት ማንደድ ያለማወቅ አይደለም። ማገዶ ማጣት ነው። ስለዚህ እበቱን ወደ ማሳ መመለስ የፈለገ ወረዳ ከማሳው አይጀምርም፣ ከምድጃው ይጀምራል። ምርጥ የሚሉት ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ቀላል ቴክኖሎጂ ነው፣ የሰፈር ወጣቶች ያመርቱታል። አንድ ቤት ግማሹን ኩበት ካተረፈ ግማሹ እበት ጉድጓድ ገብቶ ኮምፖስት የመሆን ዕድል አገኘ። ካላተረፈ ግን የኮምፖስት ሥልጠና ሰጥታችሁ፣ ሻይና ቆሎ አብልታችሁ፣ ፎቶ ተነሥታችሁ ትመለሳላችሁ። ስንት ጊዜ አድርገነዋል!

ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው። ዙሩ አዲስ አይደለም። በየቤቱና በየመንገዱ አለ። የማዘጋጃ ቤት ሥራ ዙሩን መፍጠር አይደለም፣ የሚያፈስበትን ቦታ ፈልጎ መድፈን ነው። ለዚህ ደግሞ ማንም ግለሰብ የሌለው መሣሪያ በእጁ አለ። መሬት አለው፣ ግዥ አለው፣ ክፍያ አለው። ሰዎችን ጠርቶ አንድ ጠረጴዛ ላይ የማስቀመጥ ሥልጣንም አለው። አራተኛውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከመሬት ልጀምር። ባለፈው ሳምንት አንድ ቆራሌው በራችን ላይ ሲጮህ ወጣሁ። ማዳበሪያ በትከሻው አንጠልጥሏል። (ይኼም ደግ ቃል ነው። ማዳበሪያው አልቆ ከረጢቱ ስሙን ወርሶ ይኖራል።) ልጁ ሃያም አይሞላው።

«ሃይላንድ ትገዛለህ?» አልኩት።

«እገዛለሁ ጋሼ። ንጹሕ ከሆነ።»

«ካልሆነስ?»

«ዘይት የነካው፣ ጭቃ የገባበት አይሆንም። ፌስታልማ ጭራሽ።»

«የት ታደርሰዋለህ?»

«ለተረካቢ ነው። እሱ ሲሞላለት በአይሱዙ አዲስ አበባ ይጭነዋል።»

«ካልሞላለትስ?»

«ይቀመጣላ። ከዚያ ዝናብ ይመጣል።»

ትንሽ ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ ዕቃውስ አለ። ማስቀመጫው ነው ያስቸገረን። እኛ የምናስቀምጥበት ቦታ ሦስት ጊዜ ተነሣ» አለኝ።

ልብ በሉ። ልጁ ብድር አልጠየቀኝም። ሥልጠናም አልጠየቀኝም። ቦታ ነው ያለው። ባዶ ሃይላንድ አየር ነው። አንድ አይሱዙ ሞልታችሁ ብትጭኑት አብዛኛው ጭነታችሁ አየር ነው። ነዳጁ ግን የአየር ዋጋ የለውም። አንድ ጣሪያ፣ አንድ የሲሚንቶ ወለል፣ አንድ መጭመቂያ ማሽን ካለ ሃይላንዱ ተጠፍጥፎ ይታሰራል፣ ከበፊቱ ብዙ እጥፍ ይጫናል። ያኔ የ130 ኪሎ ሜትሩ ጉዞ ያዋጣል። ይህን ጣሪያ ቆራሌው አይሠራውም። ተረካቢውም ነገ ለሚነሣበት ቦታ ሲሚንቶ አያፈስም። የሚችለው ማስተር ፕላን የሚያወጣው አካል ብቻ ነው። የከተማችሁን ፕላን ገልጣችሁ እዩ። ለመናኸሪያ ቦታ አለ፣ ለቄራ አለ፣ ለመቃብር አለ። ቆራሌው ያመጣውን የሚያሳርፍበት ቦታ የቱ ጋ ነው? ካልተሳለ በፕላኑ መሠረት ልጁ ሕገ ወጥ ነው። ከገንዳ ያዳነውን ዕቃ ይዞ ሕገ ወጥ።

ልዋጭም እንደዚያው ነው። «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያሉ አሮጌ ልብስ ወስደው ሳህን የሚሰጡት። እነሱን ማደራጀት ግን ደንብ ልብስ ማልበስና መታወቂያ ማንጠልጠል አይምሰላችሁ። ጥሩ የሚሠራውን ነገር «አደራጅተን» ያበላሸንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቦታና ጥላ ስጧቸው፣ ከዚያ ዞር በሉ።

ስለ ዕቅድ ልናገር። ዕቅድ ስንል ብዙ ጊዜ ካለፈው ዓመት ላይ አሥር በመቶ መጨመር ነው። እኔም ለዓመታት የሠራሁት ይህንኑ ነው፣ አልዋሻችሁም። ቆሻሻ ላይ ግን አይሠራም። ምን እንደሚጣል ሳያውቁ ምን እንደሚመለስ ማቀድ አይቻልም። መንገዱ ቀላል ነው። ከተለያየ ሰፈር የመጣ ቆሻሻ ሸራ ላይ ይገለበጣል። ጓንትና ጫማ ያደረጉ ሰዎች በዓይነት በዓይነት ይለዩታል። ልጣጭና ትርፍራፊ ለብቻ፣ አመድና አፈር ለብቻ፣ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ ጨርቅ፣ ብረት። እያንዳንዱ ይመዘናል። ሰባት ቀን ሳይቋረጥ። በበጋ አንዴ፣ በክረምት አንዴ።

እኔ ጨምሬ የምለው አለ። በጾም አንዴ፣ በፍስክ አንዴ። በዐቢይ ጾም ገንዳው ውስጥ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ ነው ያለው። የትንሣኤ ማግስት ሂዱና እዩት፣ ሌላ ከተማ ይመስላችኋል። የማዘጋጃ ቤት ዕቅድ በሩብ ዓመት ይቆጠራል። ቆሻሻው የሚቆጠረው ግን በበዓል ነው።

በአገራችን ከተሞች ከሚጣለው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው። ከመርዝና ከስባሪ ጠርሙስ ተለይቶ ከመጣ ኮምፖስት ነው። ተደባልቆ ከመጣ ቆሼ ነው። ቆሼ ስል አዲስ አበባ ላይ በመጋቢት 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የሞተበትን ማለቴ ነው። ያ ክምር ከሰማይ አልወረደም። ሙዝ ልጣጭ፣ ፌስታል፣ የባትሪ ድንጋይ አንድ ላይ እየተገለበጠ ለአሥርት ዓመታት የተሠራ ተራራ ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ዓላማው ላይ ከቆሻሻ ጥቅም ስለማግኘት ይናገራል። ለይቶ ማስቀመጥን ይናገራል። ስስ ፌስታልንም ያኔ ከልክሎ ነበር። በ2017 ደግሞ ፌስታልን ጠንከር አድርጎ የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል። ስለ ፌስታል ብዙ ስለተባለ አልጨምርም። አንድ ነገር ብቻ፤ ዘንቢል የምትሠራ ሴት ገበያው መሀል ላይ ቦታ ካላገኘች የፌስታል ክልከላው ቅጣት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ገንዘቡን እንይ። በብዙ ከተማ የጽዳት ማኅበራት ክፍያ የሚታሰበው ባነሡት ቆሻሻ በሜትር ኪዩብ ነው። ትክክል ይመስላል አይደል? ብዙ ያነሣ ብዙ ይከፈለዋል። ግን ገልብጣችሁ እዩት። ማኅበሩ ውስጥ ያለች ልጅ ልጣጩን ለይታ ኮምፖስት ጉድጓድ ብትከት ሜትር ኪዩቡ ይቀንስባታል። ደሞዟን ቆረጠች ማለት ነው። እኛ «ቆሻሻን እንቀንስ» እያልን ባነር እንሰቅላለን። የክፍያ ሰነዳችን ደግሞ «አብዙልን» ይላል። ልጆቹ የሚያነቡት ባነሩን ሳይሆን ክፍያውን ነው። ማንም ያንኑ ያነባል። ውሉ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ይግባ። ወደ ማስወገጃ ላልሄደው፣ ተለይቶ ለኮምፖስት ወይም ለተረካቢ ለተሰጠው ኪሎ ቢያንስ እኩል ይከፈል። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም። ያልሄደው መኪና ያልጠጣው ነዳጅ አለ።

ኮምፖስቱን ማን ይገዛል? ትሉኛላችሁ። የመጀመሪያው ገዢ ራሱ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። አደባባይ ላይ አበባ ይተክላል፣ ችግኝ ጣቢያ አለው፣ መንገድ አካፋይ ላይ ሣር ያለማል። ለዚህ ሁሉ አፈር ከየት ነው የሚመጣው? ከአንዱ ገበሬ ማሳ ላይኛው ለም አፈር ተዝቆ በመኪና! ከተማ የገጠሩን አፈር ቆርሳ አበባ ትተክላለች። የራሷን ልጣጭ ደግሞ ገደል ትጥላለች። ግዥ ክፍሉ «የአትክልት አፈር» የሚለውን ሰርዞ «ኮምፖስት፣ በከተማው ውስጥ የተመረተ» ብሎ ቢጽፍ አንድ የወጣቶች ማኅበር ዓመቱን ሙሉ ገበያ አገኘ።

ግዥ ካነሣሁ ስለ ወንበሮቹ ሳልናገር አላልፍም። በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ፣ ስሙ ይቅር፣ ከጓሮ በኩል የተሰበሩ ወንበሮች ክምር ነበር። እግር የጎደላቸው፣ መቀመጫቸው የተነቀለ። አብዛኞቹን አንድ አናጢ በአንድ ሳምንት ያድናቸዋል። ለኃላፊው ነገርኩት። «ንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ይየው» አለኝ። ኮሚቴው ሰባት አባል አለው። አንዱ ሥልጠና ሄዷል፣ አንዱ ተቀይሯል፣ አንዷ ወልዳለች። ዝናብ ዘነበ። ፀሐይ ወጣ። በሦስተኛው ዓመት ኮሚቴው ተሟልቶ መጣ፣ ክምሩን አየ፣ ማገዶ ነው ብሎ ፈረመ። እውነቱን ነው፣ ያኔ ማገዶ ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት አዲስ ወንበር ገዛን። ጥገና በጀታችን ውስጥ ርዕስ አልነበረውም። ግዥ ግን ነበረው።

እዚህ ያላችሁ የፋይናንስ ሰዎች፣ በእግዜር ይዣችኋለሁ፣ ለጥገና የበጀት መደብ ክፈቱ። ከዑደታዊ ኢኮኖሚ ውስጥ እንደዚህ ርካሽ ነገር የለም። አናጢው እዚሁ ነው፣ ብየዳ ቤቱም እዚሁ ነው። የከተማው ብር ከተማው ውስጥ ይዞራል።

ኮብልስቶንም እንደዚሁ። አስፋልት ሲቆፈር በቀላሉ መልሶ አይነጠፍም። ኮብልስቶን ግን ተነቅሎ እንደገና ይነጠፋል፣ ድንጋይ አያረጅም።  ምን ዋጋ አለው! የውሃ ቧንቧ የሚቀብረው ነቅሎ ይሄዳል፣ መንገድ የሚሠራው አያውቅም፣ ድንጋዩ የሰው አጥር ይሆናል። መፍትሔው አንድ ወረቀት ነው። መንገድ የሚቆፍር ሁሉ መልሶ የሚነጥፍ ማኅበር ቀጥሮ፣ ተቀማጭ ገንዘብ አስይዞ ይቆፍር።

አሁን «አንድ ጠረጴዛ» ወዳልኩት ልመለስ። ዴንማርክ ውስጥ ካሉንድቦርግ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አለች። ሕዝቧ ሃያ ሺህ አይሞላም። ስለ ዑደታዊ ኢኮኖሚ የሚያስተምር ሁሉ ስሟን ሳይጠራ አያልፍም። የነዳጅ ማጣሪያው የተረፈውን ጋዝ ለግድግዳ ሰሌዳ ፋብሪካ ይሰጥ ነበር። የኤሌክትሪክ ጣቢያው እንፋሎቱን ለጎረቤት ፋብሪካና ለከተማው ቤቶች ማሞቂያ ይሰጣል። ከመድኃኒት ፋብሪካ የሚወጣው ዝቃጭ ለገበሬ ማዳበሪያ፣ እርሾው ለአሳማ መኖ ሆነ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1961 ጀምሮ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። የገረመኝ ማንም ከላይ ተቀምጦ አላቀደውም። የከርሰ ምድር ውሃ እያጠራቸው ስለሄደ ማጣሪያው ከሐይቅ ውሃ ፈለገ። ገንዘቡን ማጣሪያው አወጣ፣ ቧንቧውን የዘረጋው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ሌላው ሁሉ ጎረቤት ከጎረቤት እየተነጋገረ፣ ሁለቱም እያተረፉ የተዋዋሉት ነው።

እኛስ? ዳሽንም ሐበሻም እዚህ ቢራ ይጠምቃሉ። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ አለ። የቆዳ ፋብሪካ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በስተምዕራብ እነዋሪ ላይ የጅሩ ሰንጋ አለ፣ ስሙ ብቻውን ምራቅ የሚያስመጣ። የቢራ ብቅል ተረፈ ምርት የእትዬ አተላ ታላቅ ወንድም ነው። ፕሮቲን አለው፣ የሚታለብ ላም ይወደዋል። ግን እርጥብ ነው፣ በጥቂት ቀን ይሻግታል። ስለዚህ ጥያቄው ማን፣ መቼ፣ በምን መኪና ያነሣዋል የሚል ብቻ ነው። ትልቁ ነጋዴ በገፍ ሲጭን ሁለት ላም ያላት ሴት ሩቅ ቆማ ታያለች። ማዘጋጃ ቤቱ የፋብሪካውን ሰውና የወተት ማኅበሩን ሰው ጠርቶ ቡና ቢያፈላ፣ አንድ የማከፋፈያ ቦታ ቢሰጥ ነገሩ ይፈታል። ለቡናው በጀት አያስፈልግም፣ እኔ እከፍላለሁ።

ግን ተጠንቀቁ። ሁሉም ነገር አይዞርም፣ መዞርም የለበትም። ቆዳ ክሮም በሚሉት ኬሚካል ሲለፋ የሚወጣው ዝቃጭ «ኮምፖስት ነው» ተብሎ ማሳ ላይ ከተደፋ በእህሉ በኩል ወደ ሆድ ሊመለስ ይችላል። የሆስፒታል ቆሻሻም፣ የባትሪ ድንጋይም እንደዚያው። እነዚህን ከዙሩ አውጥቶ መዝጋት ራሱ የዕቅዱ ግማሽ ነው። የበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው። እዚህ የለቀቅነው እዚህ አይቀርም።

ደግሞ ዞን አንድ ነው ብሎ አንድ ዕቅድ ማባዛት ይቅር። ጣርማ በርን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ጋቢውን ታወልቃላችሁ፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሸሚዙንም ልታወልቁ ትፈልጋላችሁ። ባዮጋዝ የሚሠሩት ጥቃቅን ነፍሳት ሙቀት ይወዳሉ። ሸዋ ሮቢት ላይ ይስማማቸዋል። እዚህ ጋኑን አፈር አልብሳችሁት እንኳን በጥር ያንቀላፋሉ። ኮምፖስትም እዚህ ከክምር ይልቅ በጉድጓድ ይሻላል፣ ሙቀቱን ይይዛል። ሸዋ ሮቢት ላይ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም አንድ ሳምንት ላይ ይደርስና ዋጋው ወድቆ ማሳ ላይ ይበሰብሳል። እዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኮምፖስት አይደለም። ነፋስ የሚያስገባ የሽንኩርት ማቆያ ነው። ሳይበላሽ የተሸጠ ሽንኩርት ከማንኛውም ብስባሽ ይበልጣል።

ሕዝቡ ይቀበላል ወይ? የምትሉ አላችሁ። መንዝ ሂዱ። ጓሳ የሚሉት የጋራ የሣር ምድር 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አባቶች ለ400 ዓመት ገደማ እየዘጉና እየከፈቱ ጠብቀውታል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ነው። ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ በጋራ ተስማምተው ይከፍቱታል። የደፈረ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ነዋሪው መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ መልሶ ቆመ። ሰው ደንብ አይጠላም። ማን እንዳወጣው ያላወቀውን ደንብ ነው የሚጠላው። እና ቆሻሻ መለየትን በቴሌቪዥን ከማወጅ በፊት ለዕድር ስጡት። ዕድር ድንኳን፣ ድስትና ወንበር በጋራ ገዝቶ ሃምሳ ዓመት የሚያዘዋውር ተቋም ነው። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ዑደት ታመጡለታላችሁ?

ጊዜዬ እያለቀ ነው። ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ ነው። አንድ ሥራ ይዘን እንውጣ።

ድሮ በዓል ሲሆን ቆዳ ገዢው ከእኛ ቀድሞ ነበር የሚነሣው። በጉ ገና ሳይገፈፍ አጥር ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። በቆዳው ገንዘብ ጨው፣ በርበሬ፣ አንዳንዴም የልጅ ጫማ ይገዛ ነበር። አሁን ዋጋው ወደቀ፣ ገዢውም ቀረ። ባለፈው ፋሲካ በእኛ ሰፈር ቦይ ውስጥ የመንዝ በግ ቆዳ ከነፀጉሩ ተጥሎ አየሁ። ሁለት ውሾች ይጎትቱታል። ያ ቆዳ ጓንት፣ ጫማ፣ ጃኬት መሆን የሚችል ነበር። የቆዳ ፋብሪካ ባለበት ከተማ!

ቆዳ ከተገፈፈ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። የሚያድነው ጨው ነው። ውሃውን ይመጥለታል፣ ሽታውንም ያቆማል። ጨው ርካሽ ነው። ችግሩ ግን ቆዳው በብዛት የሚገኝበት ቀን መሥሪያ ቤት ሁሉ የተዘጋበት ቀን መሆኑ ነው። የፋሲካ ጠዋት ማን ሥራ ይገባል? የጽዳት መኪናው ቆሟል፣ ሾፌሩ ዶሮ እየበላ ነው። ይብላ፣ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሟል።

እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። በየቀበሌው አንድ ድንኳን፣ የዕድር ድንኳን ይሆናል። ሁለት ኩንታል ጨው። በበዓል የሚሠሩ አራት ወጣቶች፣ እጥፍ አበል ይከፈላቸው። ከሳምንት በፊት በዕድርና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነገር፤ በጉን ስትገፍፉ ቆዳውን በቢላ ጫፍ አትብሱት፣ በቡጢ ግፉት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት አምጡት። ያመጣ ሰው የአንድ ወር የጽዳት ክፍያው ይቀርለት። ማግሰኞ ፋብሪካው መኪና ይልካል። ካልላከስ? ጨው ያገኘ ቆዳ ይጠብቃል፣ አይሸትም፣ ቦይ ውስጥም አይገባም።

ፋሲካ ሁለት ወር ቀርቶታል። የእኔን ቀበሌ ድንኳን የዕድራችን ዳኛ እሺ ብለውኛል፣ እዚሁ ከኋላ ተቀምጠዋል። ጋሼ፣ እጅዎን ያውጡልኝ። ጨዉን የሚገዛው ማን ነው?